ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

ሰው ሆዱ ሲያብጥ ሰፈር ውስጥ መልሱ ቶሎ ነው የሚመጣው። «ጉበቱ ነው» ይባላል። ሰውየው መጠጥ የሚቀማምስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ እዚያው ያበቃል። «መጠጡ ነው፣ ምን ይደረግ» ተብሎ ከንፈር ይመጠጣል። ታላቅ ወንድሜን ሰው ሁሉ በቁሙ ያለቀሰለት እንዲህ እያለ ነው።

ዛሬ ስለሱ የምጽፈው ራሱ ፈቅዶልኝ ነው። «ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተይው» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ነው የምለው፤ እዚህም ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የያዘው በሽታ በሐኪሞች አፍ «የቆሽት አሳይትስ» ይባላል። ከቆሽት የሚያፈተልክ ፈሳሽ ሆድ ውስጥ ሲጠራቀም ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የማይገጥም በሽታ ስለሆነ ሰው አያውቀውም። ግን ሕክምና አለው፤ መድኃኒት ያቃተውን ደግሞ ቀዶ ሕክምና ሊያድነው ይችላል።

ጋሼ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። በአዋሽ፣ በሚሌ አድርጎ ጋላፊን ሲሻገር ዕድሜውን የፈጀ ሰው ነው። መንገድ ላይ ሲጋራ ያጨሳል። ሲያድር ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ቢራ አለ፣ አንዳንዴም አረቄ። ይህን አልደብቅም፣ እሱም አይደብቅም። ሆዱ ከማበጡ ከዓመታት በፊት ጀምሮ ከእምብርቱ በላይ ያመው ነበር። ሕመሙ ወደ ጀርባው ይወጋዋል። ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ሲያቅፍ ትንሽ ይሻለዋል። ቅባት የበዛበት ነገር ሲበላ ይብስበታል።

እኛ ቤት ይሄ ሁሉ «ጨጓራ» ነበር። በእኛ አገር ጨጓራ የሌለበት ሰው የለም። ኦሜፕራዞል ከኪሱ አይጠፋም። እማዬ ተልባ ታዘጋጃለች፣ አብሽ ትመታለች። ለጨጓራ ባክቴሪያ የሚሰጠውንም መድኃኒት ከአንዴም በላይ ወስዶ ጨርሷል። ሕመሙ ሄድ መለስ ይላል። ሲሄድ ዳነ እንላለን፣ ሲመለስ ቃሪያውን እንወቅሳለን።

ከዚያ ሆዱ ማበጥ ጀመረ። የሚገርመው ሕመሙ በዚያ ሰሞን ቀለል ብሎለት ነበር። ሆዱ እየገፋ ክንዱና ጉንጩ እየቀለጠ ሄደ። ቀበቶው አልደርስ ሲለው የትከሻው አጥንት ከሸሚዙ በላይ ይታይ ጀመር። አልትራሳውንድ ተነሳ። «ሆድ ውስጥ ብዙ ፈሳሽ አለ» ተባለ። ትጠጣለህ? አዎ። በቃ፣ ጉበት ሆነ። ጨው ተከለከለ፣ ውሃ የሚያሸና መድኃኒት ተሰጠው። አልቀነሰም። በመርፌ ሊትር በሊትር ተቀዳለት። ሲቀዳ ይተነፍሳል፣ ይተኛል፣ ይስቃል። ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ተመልሶ ይወጠራል።

ውሃ መቅዳት ማስታገሻ ነው። በጉበት በሽታም ቢሆን ማስታገሻ ነው። ያኔ ግን ለእኛ ሕክምናው ራሱ እሱ ይመስለን ነበር። የተቀዳው ፈሳሽ በብዛቱ ይመዘገባል፣ ከዚያ ይደፋል። መልሱ እኮ እዚያ የሚደፋው ዕቃ ውስጥ ነበር።

ሆድ ውስጥ ውሃ የሚጠራቀመው በብዙ ምክንያት ነው። ጉበት ሲደነድን ወደሱ የሚገባው የደም ሥር ግፊቱ ይጨምራል፣ ፈሳሽም ወደ ሆድ ያዣል። ልብ ሲደክም፣ ኩላሊት ፕሮቲን ሲያባክን፣ ካንሰር ሆድ ዕቃ ላይ ሲሰራጭ ሆድ ውሃ ይቋጥራል። እኛ አገር ደግሞ የሆድ ቲቢ አለ። ስለዚህ ሐኪም ፈሳሹን አይቶ መለየት አለበት። ከሚለካው አንዱ ፕሮቲን ነው። ሌላው አልቡሚን የሚባለው የፕሮቲን ዓይነት ነው። ደም ውስጥ ካለው አልቡሚን ላይ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ይቀነሳል። ልዩነቱ 1.1 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጣቱ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ወደ ጉበት ወይም ወደ ልብ ነው። ከ1.1 በታች ከሆነ ሌላ ነገር መፈለግ ይገባል።

ይህ ልኬት ለጋሼ የተሠራለት ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ከተባለ በኋላ ነው። ልዩነቱ ዝቅተኛ ሆነ፣ ፕሮቲኑ ደግሞ ከፍተኛ። ጉበት የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ተናጋ። ወዲያው «ቲቢ ሊሆን ይችላል» ተባለ። ይህም ያስኬዳል። ክሳቱ፣ ድካሙ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣቱ፣ ፕሮቲን የበዛበት ፈሳሽ፣ ሁሉም ከቲቢ ጋር ይገጥማል። የቆሽት ፈሳሽና የሆድ ቲቢ በእነዚህ ልኬቶች መንታ ናቸው። የሚለያያቸው ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል።

ያንን ምርመራ ያዘዘው አንድ ወጣት ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ቆሞ ጋሼን ስለ ሆዱ ማበጥ አልጠየቀውም። «ከማበጡ በፊት ምን ያምዎት ነበር?» አለው። ጋሼ ጀርባውን አሳየው። ጎንበስ ሲል እንደሚሻለው ነገረው። ልጁ ዝም ብሎ ሰማው፣ ከዚያ ከሆዱ የተቀዳው ፈሳሽ አሚሌዝ እንዲለካ ጻፈ።

አሚሌዝ ስታርች የሚፈጭ ኢንዛይም ነው። ቆሽት በብዛት ያመርተዋል። ደም ውስጥ በጤናማ ሰው መቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሆድ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ከ1000 በላይ ሲሆን ፈሳሹ ከቆሽት እንደመጣ በጣም ያስጠረጥራል። የጋሼ በብዙ ሺዎች ነበር። ይህ ምርመራ ውድ አይደለም። ከባድ ማሽንም አይፈልግም። ደም ውስጥ ያለውን አሚሌዝ የሚለካ ላቦራቶሪ ሁሉ ከሆድ የተቀዳውንም ይለካል። የሚያስፈልገው አንድ ሰው እንዲለካ ማሰቡ ነው።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው አካል ነው። ኢንሱሊን እንደሚያመርት ብዙ ሰው ያውቃል። ሌላው ሥራው ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ማምረት ነው። በቀን ከ1 ሊትር በላይ ያመነጫል። ይህ ሁሉ በአንድ ዋና ቱቦ ይወርድና ከጨጓራ ቀጥሎ ወዳለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይፈስሳል። ጤናማ ሰው ላይ ቱቦው ስፋቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

ቱቦውን ሰው ላይ አግኝቶ በሥዕል ያሳየው ዮሃን ጆርጅ ቪርሱንግ የሚባል ጀርመናዊ ነው። ጣሊያን፣ ፓዱዋ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1642 የተገደለ ወንጀለኛ አስከሬን ሲመረምር ነው ያገኘው። ምን እንደሚሠራ አላወቀም። ሥዕሉን በመዳብ ላይ አስቀርጾ ለዘመኑ ሊቃውንት ላከላቸውና «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። መልስ ሳይረካ በ1643 በጥይት ተገደለ። ይህን ያነበብኩት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ፣ ሌሊት፣ ስልኬ ላይ ነው። የወንድሜ ሕይወት የተንጠለጠለበት ቱቦ በስሙ የተጠራለት ሰው ስለ ቱቦው ጥቅም ሳያውቅ መሞቱ ልቤን ነካው።

ሥር የሰደደ የቆሽት ብግነት ይህን ቱቦ ያበላሸዋል። አንዱ ቦታ ይጠብባል፣ ሌላው ቦታ ይሰፋል፣ ውስጡ ጠጠር ይፈጠራል። ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል። በመጨረሻ ቱቦው ደካማ ቦታው ላይ ይሸነቆራል። አንዳንዴም መጀመሪያ ቆሽት ላይ የፈሳሽ ከረጢት ይፈጠርና እሱ ያፈስሳል። ሽንቁሩ ወደ ፊት ከሆነ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። ወደ ኋላ ከሆነ ሽቅብ ወደ ደረት ይወጣና ሳንባን ይከባል። እንዲህ የሆነበት ሰው ሳል ይዞት፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው የሚመጣው። ሐኪሙ ደረቱን ሲመረምር ሊውል ይችላል፣ ጥፋቱ ግን ሆዱ ውስጥ ነው።

ጋሼ ላይ ሕመሙ ለምን ቀለለ? ይህን ጥያቄ ሬዚደንቱን ጠየቅኩት። ቆሽት ፕሮቲን የሚፈጩትን ኢንዛይሞች ተኝተው ነው የሚያመርታቸው። የሚነቁት አንጀት ሲደርሱ፣ አንጀቱ በሚያመነጨው ሌላ ኢንዛይም ነው። በሽንቁሩ ወጥተው ሆድ ውስጥ የፈሰሱት አንጀትን አላገኙትም፤ ስለዚህ እንደተኙ ናቸው። ሆዱን አያቃጥሉትም። በዚያ ላይ ታፍኖ የነበረው ግፊት ሽንቁሩ ሲከፈት ተንፍሷል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ያለ ከባድ ሕመም ሆዱ የሚገፋው። ሕመም ስለሌለ ቆሽትን የሚጠረጥር የለም። ፈሳሹ ቢመረዝ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በጣም አደገኛ ይሆናል።

ስለ መጠጥ አንድ ነገር ልበል። አዎ፣ አዋቂዎች ላይ ዋናው ምክንያት ለዓመታት የዘለቀ የአልኮል መጠጥ ነው። ሲጋራም ቆሽትን ይጎዳል። ነገር ግን በሕይወቱ ጠላ ያልቀመሰ ሰውም ይህ ይገጥመዋል። የሐሞት ጠጠር፣ በዘር የሚተላለፍ ችግር፣ ሆድ ላይ የደረሰ ምት ሊያመጣው ይችላል። ልጆች ከብስክሌት ሲወድቁ መሪው ሆዳቸውን መትቶ ቆሽታቸው የሚቀደድበት ጊዜ አለ። ደግሞስ የሚጠጣ ሰው ቢሆን? «መጠጡ ነው» የሚለው ቃል ወንድሜን ብዙ ወራት አስከፍሎታል። ሰፈሩም፣ ዘመዱም፣ መጀመሪያ ያየው ሕክምና ቤትም ያንን ቃል እንደ ምርመራ ውጤት ነው የተቀበሉት። የሚጠጣ ሰው ጉበት ብቻ አይደለም ያለው።

ሕክምናው የሚጀምረው በቢላ አይደለም። መጀመሪያ ቆሽቱን ማሳረፍ ነው። ቆሽት በብዛት የሚያመነጨው ምግብ ሲገባ ነው። ምግብ በአፍ ከቆመ ፈሳሹ ይቀንሳል፣ ሽንቁሩም የመዘጋት ዕድል ያገኛል። ስለዚህ «ምንም በአፍ አይገባም» ተባለ።

እዚህ ላይ ቤተሰባችን ተፈተነ። እኛ ሰው ስንወድ የምናውቀው ማብላት ነው። የታመመ ሰው አጥሚት ይጠጣል፣ ዶሮ ይሠራለታል፣ «በሞቴ» ተብሎ ይጎረሳል። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም። የዕድር ሰዎች ብርቱካን ይዘው መጡ። ከሾፌር ጓደኞቹ አንዱ ከአዳማ ክትፎ አስቋጥሮ መጣ። እማዬ በየቀኑ ፔርሙስ ሙሉ አጥሚት ይዛ ትመጣለች። ነርሷ በትዕግሥት ታስረዳታለች። «እማማ፣ እያንዳንዱ ጉርሻ ቆሽቱን ያሠራዋል፣ ሆዱ ውስጥ ውሃ ይጨምራል።» እማዬ ራሷን ትነቀንቃለች። ነርሷ ዞር ስትል «ትንሽ ብቻ፣ ከንፈሩን ላርስለት» ትላለች።

አልፈርድባትም። ልጇ አጥንቱ ወጥቷል። እሷ የምታውቀው መድኃኒት ምግብ ነው። በአእምሮዋ ልጇን እያስራቡባት ነበር። ጋሼ ራሱ ነው ያሳመናት። «እማዬ፣ ሁዳዴ የአንቺን ያህል ማን ይጾማል? ይሄን ጾም ከኔ ጋር ጹሚ» አላት። ከዚያ በኋላ አጥሚቱን ይዛ መምጣት ተወች። አጠገቡ ተቀምጣ እግሩን ታሻለታለች።

ሰው ግን እንዲሁ ተርቦ አይተኛም። ብዙ ፕሮቲን ሆዱ ውስጥ ፈስሷል። አልቡሚኑ ወርዷል። እንዲህ ያለ ሰው ቁስሉ አይገጥምም፣ የተሰፋ አንጀትም አይይዝለትም። በደም ሥር ሙሉ ምግብ መስጠት ውድ ነው፤ እንደልብም አይገኝም። ለእሱ የተመረጠው ቀጭን ቱቦ ነበር። በአፍንጫው ገብቶ፣ ጨጓራውን አልፎ፣ ትንሹ አንጀት ውስጥ ራቅ ብሎ ይገባል። ፈሳሽ ምግብ በዚያ ቀስ ብሎ ይንጠባጠባል። ምግቡ ጨጓራንም የአንጀቱን መጀመሪያም አልፎ ስለሚገባ ቆሽቱን ያን ያህል አይቀሰቅሰውም። ከዚህ ጋር ኦክትሪዮታይድ የሚባል መርፌ ታዘዘ። ቆሽት የሚያመነጨውን ይቀንሳል። በቀን ሦስት ጊዜ ነው የሚወጋው። ከውጭ ፋርማሲ ነው የምንገዛው፣ ዋጋው ደግሞ ያስለቅሳል። ቨርጂንያ ያለችው የአክስታችን ልጅ ባትደርስልን ኖሮ አንዘልቀውም ነበር።

ይህ መንገድ የሚያድናቸው ሰዎች አሉ። ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ተጠብቆ ይታያል። ጋሼ ላይ ሆዱ ረገብ አለና መልሶ ሞላ።

ቀጣዩ በኢንዶስኮፒ የሚደረገው ነው። ኢአርሲፒ ይሉታል። ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ ገብቶ ቆሽት ወደ አንጀት የሚከፈትበት ቀዳዳ ጋ ይደርሳል። ቀለም ይረጫል፣ ራጅ ይነሳል፣ ሽንቁሩ የት እንደሆነ ይታያል። ከተቻለ ሽንቁሩን የሚሻገር ትንሽ ፕላስቲክ ቱቦ እዚያው ይቀመጣል። ፈሳሹ በቀላሉ ወደ አንጀት ከወረደ ሽንቁሩ ራሱ ይዘጋል። ዛሬ ማሽኑና ባለሙያው ባለበት ቦታ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሞከረው ይህ ነው፤ ሆድ ሳይከፈት የሚያድን ነገር ሁሌም ይቅደም ባይ ነኝ። እኛ አገር ይህን የሚሠራ ቦታ ጥቂት ነው። ተራ ደርሶን ገባ። ሽቦው ግን አላልፍ አለ። ቆሽቱ ራስ ላይ ቱቦው ጠብቦ፣ ከጥበቱ ጀርባ ጠጠር ተደርድሮ ነበር። የረጨው ቀለም ግን አንድ ነገር አሳየን። ቱቦው ከጥበቱ ኋላ በጣም ሰፍቷል፤ ሽንቁሩም ከቆሽቱ መሐል ላይ ነው።

ያ ምስል ለቀዶ ሐኪሞቹ ትልቅ ነገር ነው። የቆሽት አሳይትስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ኢአርሲፒ የተጀመረው በ1968 ነው። በመካከሉ ሐኪሞች ሽንቁሩ የት እንዳለ ሳያውቁ ሆድ ለመክፈት ይገደዱ ነበር። በ1970ዎቹ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ጆን ካሜሮንና ባልደረቦቹ ነገሩን በደንብ አጠኑት። በሆድም ሆነ በደረት የሚጠራቀመው ፈሳሽ ከአንድ ምንጭ እንደሆነ አሳዩ። ከቀዶ ሕክምናው በፊትም ቱቦውን በምስል ማየት እንደሚያስፈልግ አስተማሩ። ዛሬ ኤምአርአይም ይህን ያሳያል። ቀዶ ሕክምናውን የሚወስነው ምስሉ ነው። ሽንቁሩ ቆሽቱ ጭራ ላይ ከሆነ ያንን ጫፍ ቆርጦ ማውጣት ሊበቃ ይችላል። የሚያፈስሰው ከረጢት ከሆነና ግድግዳው ጠንካራ ከሆነ ከረጢቱን ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ጋር መስፋት ይቻላል። ቱቦው ሰፍቶ፣ ጠጠር ሞልቶት ከሆነ ደግሞ ጋሼ ላይ የተሠራው ይሠራል።

ሲኒየሩ ቀዶ ሐኪም ቢሮው ጠርቶን ወረቀት ላይ ሣለልን። እማዬም ነበረች። እኔ የጠበቅኩት «ቀዳዳውን እንደፍነዋለን» እንዲለን ነው። እሱ ግን እንዲህ አለ፦ «ቀዳዳውን ብንሰፋው ነገ በሌላ ቦታ ይፈነዳል። ወደ አንጀት የሚወርድበት መንገድ ዝግ ነው። ስለዚህ አንጀቱን ወደ ቆሽቱ እናመጣዋለን።» እማዬ የገጠር ልጅ ናት። ወረቀቱን ትንሽ አየችና «ቦዩ ሲደፈን ውሃው ማሳ ይሰብራል፤ እናንተ አዲስ ቦይ ልትቀዱለት ነው» አለች። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠና «በትክክል፣ እናቴ» አላት። ከእኛ ሁሉ ቀድማ የገባት እሷ ናት። ከዚያ ደም ለመስጠት ዘመድ ማሰባሰብ ጀመርን። የሾፌር ጓደኞቹ ተሰልፈው ሰጡ።

የተሠራለትን ነገር በራሴ ቋንቋ ላስረዳ። ሆዱ ተከፈተ፣ የተጠራቀመው ፈሳሽ ተመጠጠ። ከጨጓራው ጀርባ ገብተው ቆሽቱን አገኙት። ደንድኗል። ቱቦውን በመርፌ ፈልገው ካገኙ በኋላ በቁመቱ ሰነጠቁት። ጠጠሮቹን ለቀሙ። ከዚያ ትንሹን አንጀት ከላይኛው በኩል አንድ ቦታ ቆረጡት። ታችኛውን ጫፍ ወደ ላይ አምጥተው ጎኑን ከተሰነጠቀው ቱቦ ጋር በቁመት ሰፉት። ሽንቁሩም አብሮ በዚያ ስፌት ውስጥ ገባ። የቀረውን፣ ከጨጓራ የሚመጣውን የአንጀት ጫፍ፣ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ካለው አንጀት ጋር ገጠሙት። ምግብ በአንድ በኩል ይወርዳል፣ የቆሽት ፈሳሽ በሌላ በኩል፣ ታች ላይ ይገናኛሉ። ቅርጹ የእንግሊዝኛውን «ዋይ» ፊደል ይመስላል። ይህን የአንጀት አገጣጠም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፋው የስዊዘርላንዱ፣ የሎዛኑ ሐኪም ሴዛር ሩ ነው። ለቆሽት ቱቦ የዋለው ብዙ ቆይቶ ነው። ፒዩስቶና ጊልስቢ እ.ኤ.አ. በ1958 አቀረቡት። ፓርቲንግተንና ሮሼል በ1960 አሻሽለው ዛሬ ወደሚሠራበት መልክ አመጡት።

ይህ ቀዶ ሕክምና የሚያስደንቀኝ ለዚህ ነው። ቆሽቱን አላወጡትም። ፈሳሹንም አላቆሙትም። ፈሳሹ ይፈለጋል፤ ያለሱ ቅባትና ፕሮቲን በደንብ አይፈጭም። መሄድ ወደነበረበት ቦታ ነው ያደረሱት። ከሆድ ተቀድቶ ሲደፋ የኖረው ያ ሁሉ ሊትር አሁን ምግብ ይፈጫል።

ቀላል ነገር ነው እያልኩ አይደለም። ሰዓታት የፈጀ ቀዶ ሕክምና ነው። ስፌቱ ሊያፈስስ ይችላል፣ ሊደማ ይችላል፣ ሊመረዝ ይችላል። ከሆዱ የወጣ ማፍሰሻ ቱቦ ለቀናት ነበረው። ከዚያ የሚወጣውም አሚሌዙ ይለካ ነበር። ቁጥሩ ሲወርድ ሬዚደንቱ ራሱ ሊነግረን መጣ። እማዬ ግንባሩን ሳመችው።

ቱቦው ወጣ። ጋሼ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ሾርባ፣ ከዚያ ለስላሳ ፍትፍት ጀመረ። የሆዱ እብጠት አልተመለሰም። በኋላ የተነሱት አልትራሳውንዶችም ንጹህ ናቸው። የጀርባ ውጋቱም ለቀቀው። የሰፋው ቱቦ ሲተነፍስ ሕመሙም ለብዙዎች እንደሚቀንስ ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሮን ነበር።

የደነደነ ቆሽት ግን ተመልሶ ልጅ አይሆንም። ጋሼ ስኳር ይዞታል፤ በኢንሱሊን ይኖራል። ምግብ በበላ ቁጥር የኢንዛይም ካፕሱል ይውጣል። ካልወሰደ ቅባቱ ሳይፈጭ ይወጣል፣ ሰገራው ይንሳፈፋል፣ ኪሎው ይወርዳል። ካፕሱሉ እዚህ አንዳንዴ ይጠፋል። ያኔ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ነው የሚደርሰን። አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን የማናውቃትን ሴት በፎቶ ፈልገን ተቀብለን እናውቃለን። መጠጥና ሲጋራ አቁሟል። ማቆሙ ቀላል አልነበረም፤ የረዳው ደግሞ ስድብ አይደለም። የረዱት ጓደኞቹ ናቸው፣ እሱ ባለበት ቡና ማዘዝ የጀመሩት።

አሁን መስመር አይወጣም። ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ ተሽከርካሪ ይቆጣጠራል። ስልኩ ደግሞ አያርፍም። «ሆዱ ውሃ የያዘ ሰው አለ፣ ያንተው ዓይነት ነው» እያሉ ይደውሉለታል። እሱ ሐኪም አይደለም፣ መድኃኒትም አይነግራቸውም። «ውሃው ተመርምሯል ወይ? አልቡሚኑና አሚሌዙ ተለክቷል ወይ? ሐኪማችሁን ጠይቁ» ነው የሚላቸው።

በቅርቡ አንዲት ሴት ደውላ ነበር። ባሏ ሆዱ ደጋግሞ ይቀዳል፣ መጠጥም ይጠጣል። የጋሼን ታሪክ ሰምታ እርግጠኛ ሆናለች። ቆሽት ነው ብላለች። ጋሼ ያንኑ ጥያቄ ነገራት። ሐኪሙን ጠየቀችው፣ ሐኪሙም አዘዘላት። ውጤቱን በቴሌግራም ላከችልን። አሚሌዙ ዝቅተኛ ነው። ቆሽት አይደለም። ነገር ግን የአልቡሚኑ ልዩነትም ከ1.1 በታች ነበር፤ ስለዚህ ጉበትም አላሳመነም። ከሆዱ ዕቃ ሽፋን ናሙና ተወሰደና ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ጀምሯል።